ላልመጡት የተያዘ ረድፍ

አዲሱ ዲስክ 36 ጊጋባይት ነበር። ከካርቶኑ ያወጣሁት፣ ማስገቢያው ውስጥ የሰካሁት፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በዓይኔ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ኤችፒ-ዩኤክስ 11.00 የሚሠራበት ያ አሮጌ ሰርቨርም ስለ ዲስኩ ስጠይቀው ሙሉውን መጠን ሳያጓድል ነገረኝ። ወደ ነባሩ ቮልዩም ግሩፕ እንዲያስገባልኝ ቪጂኤክስቴንድ የሚለውን ትእዛዝ ስሰጠው ግን በማስጠንቀቂያ ተቀበለኝ። የማስጠንቀቂያው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ግሩፑ ለአንድ ዲስክ የፈቀደው የቁራጭ ብዛት ለዚህ ዲስክ ያንሳል፤ ስለዚህ ከዲስኩ የምጠቀመው የተፈቀደውን ያህል ብቻ ነው። የተፈቀደው 9 ጊጋባይት ግድም ነው። የቀረው 27 ዲስኩ ላይ አለ፤ ይሽከረከራል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል። በግሩፑ መዝገብ ውስጥ ግን የለም።

ሌሊት ነበር። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ጩኸት በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረም። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ያለውን ነገር የለም ብሎ የሚቆጥር ሥርዓት ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? ንዴቱ ሲበርድ መመሪያውን ገልጬ ምክንያቱን ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። ያን ሌሊት ያገኘሁት ምክንያት ግን ከዲስክ ጉዳይ አልፎ ዓመታትን አብሮኝ ኖረ።

ነገሩ እንዲገባ ከቮልዩም ግሩፕ ምንነት መጀመር አለብኝ። ዲስክ በተፈጥሮው ብቸኛ ነው። ሲሞላ ሞላ ነው፤ ከጎኑ ያለው ባዶ ቢሆንም አንዱ ለሌላው ቦታ አያበድርም። ቮልዩም ግሩፕ ይህን ብቸኝነት ለማፍረስ የተፈጠረ ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ዲስክ መሬት ላይ ቀላድ እንደሚጣል በእኩል ቁራጭ ይሸነሸናል። ባለሙያዎች ኤክስቴንት የሚሉት ይህንን ቁራጭ ነው፤ መሥራቹ ሌላ ልክ ካልሰጠ በቀር አንዱ 4 ሜጋባይት ይሆናል። የሁሉም ዲስኮች ቁራጮች በአንድ ላይ የጋራ ሀብት ይሆናሉ። ከዚያ ኤልቪክሪኤት በሚባለው ትእዛዝ የሚፈለገው ያህል ተቆርጦ ለመረጃ ቋቱ፣ ለተጠቃሚዎች ፋይል፣ ለሥራ መዝገብ ይሰጣል። ይህ የተቆረጠው ድርሻ ሎጂካል ቮልዩም ይባላል። ሲጠብ ይሰፋል፤ አንድ ዲስክ ሲሞላ ከሌላው ቁራጭ እየተወሰደ ይቀጠልለታል። ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም ግማሹ ጽሑፍ እዚህ ግማሹ እዚያ መሆኑን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም።

ታዲያ ቮልዩሙ የት ነው ያለው? አሳየኝ ብትሉኝ ጣቴን የምቀስርበት ቦታ የለኝም። ዲስኮቹን አሳያችሁ ይሆናል፤ ዲስኮቹ ግን ቮልዩሙ አይደሉም። ያለው ሰንጠረዥ ነው፦ የዚህ ቮልዩም አንደኛ ቁራጭ በዚህ ዲስክ ይህኛው ቁጥር ላይ ነው፣ ሁለተኛው በዚያኛው ዲስክ ያኛው ቁጥር ላይ ነው እያለ የሚቀጥል ረጅም ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ ቢጠፋ ከተጻፈው አንድም ባይት አይጎድልም፤ እያንዳንዱ ፊደል በነበረበት ይቀመጣል። ቮልዩሙ ግን አይኖርም። ቅጠሉ ሁሉ ተርፎ የገጹ ቁጥርና የስፌቱ ክር የጠፋበት የብራና መጽሐፍ ማለት ነው፤ ያውም መቶ መጻሕፍት በአንድ ላይ የተበተኑበት። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ስለ ዲስኩ አይደለም፤ መዝገቡ በማን እጅ ይቀመጥ የሚል ነው።

እድር ውስጥ መዝገቡ ያለው ጸሐፊው ዘንድ ነው። ጸሐፊው ቢታመም ወይም ቤቱ ቢቃጠል ማን ስንት እንደከፈለ ክርክር ይነሳል። ይህን የዲስክ ማኅበር የነደፉ ሰዎች ጸሐፊ አልሾሙም። የማኅበሩን ሙሉ መዝገብ እያንዳንዱ አባል በራሱ ላይ እንዲሸከም አደረጉ። በኤችፒ-ዩኤክስ አሠራር የዲስኩ መጀመሪያ፣ አንድም የተጠቃሚ ፊደል ከመጻፉ በፊት፣ ለመዝገብ ይከለላል። በዚያ ክልል ውስጥ ዲስኩ ስለ ራሱ ብቻ አይደለም የሚጽፈው፤ አብረውት ስላሉት ዲስኮች ሁሉና ስለ ቁራጮቻቸው ጭምር ነው። ሰርቨሩም ኤልቪኤምታብ የሚባል ፋይል አለው፤ በውስጡ የግሩፖቹንና የዲስኮቹን ስም ይይዛል። ያ ግን ማስታወሻ እንጂ መዝገብ አይደለም። ቢጠፋ ቪጂስካን የሚባለው ትእዛዝ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ጠይቆ መልሶ ይጽፈዋል። እውነቱ ያለው አባላቱ ዘንድ ነው።

ይህ አሳብ ከልቤ የሚገባ ነው። አባልነትን ከመዋጮ በላይ ያደርገዋል። ቦታውን ለጋራ የሰጠ ዲስክ ብዙ ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ የሌሎቹንም ታሪክ ተሸክሟል፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ቢተርፍ እነማን እንደነበሩና ማን ምን እንደያዘ መናገር ይችላል። ሥርዓቱን በዚህ ስወደው ደግሞ ያን ሌሊት ያናደደኝ ነገር ከዚሁ መውደድ ሥር የበቀለ መሆኑን መካድ አልችልም።

መዝገብ ቦታ ይፈልጋል። የመዝገቡ ቦታ የሚከለለው ደግሞ ከመረጃው ፊት ነው፤ መረጃው ከተጻፈ በኋላ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መዝገቡን ማስፋት አይቻልም። ስለዚህ ቪጂክሪኤት ብሎ ግሩፑን የሚመሠርተው ሰው በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር መወሰን አለበት፦ ወደፊት ስንት ዲስክ ይመጣል? ከሚመጡት መካከል የትልቁ መጠን ምን ያህል ይሆናል? ሰውየው ምንም ባይል ማሽኑ ራሱ ይወስንለታል፦ እስከ 16 ዲስክ፣ በአንድ ዲስክ እስከ 1,016 ቁራጭ። በ4 ሜጋባይት ሲባዛ 4,064 ሜጋባይት ነው። ይህ አሠራር በተቀረጸበት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ 4 ጊጋባይት ዲስክ ለብዙ ሰው ግዙፍ ነገር ነበር፤ ቁጥሩን የመረጡት ሰዎች ንፉግ አልነበሩም። በዚያው ዘመን በኤአይኤክስ ላይ የነበረው የአይቢኤም አሠራርም ለአንድ ዲስክ 1,016 ቁራጭ ነው ያለው፤ ሁለቱ ሥርዓቶች የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ቁጥሩ እንደ ቤተሰብ መልክ በሁለቱም ላይ ይታያል።

ከመሥራቾቹ መካከል ከ4,064 ሜጋባይት የሚበልጥ ዲስክ ካለ ማሽኑ ልኩን በትልቁ መሥራች ቁመት ያደርገዋል። የእኔን ግሩፕ የመሠረተው፣ ከእኔ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው፣ ባለ 9 ጊጋባይት ዲስኮች ይዞ ነበር የጀመረው። ቁጥር አልሰጠም። ማሽኑም በፊቱ ያሉትን ለክቶ የወደፊቱን ሁሉ በእነርሱ ልክ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ማንም ይምጣ ማን፣ የቱንም ያህል ይግዘፍ፣ የሚቆጠረው እስከ መሥራቾቹ ቁመት ድረስ ነው። ማስጠንቀቂያው ሊለኝ የፈለገው ይህንን ነበር። አዲሱን እንግዳ የናቀው ማንም የለም፤ ከ9 ጊጋባይት በላይ ያለውን ሰውነቱን የሚጽፉበት ረድፍ ነባሮቹ ዲስኮች ላይ አልተሠመረም እንጂ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ምሥረታው ሥነ ሥርዓት መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ ያለ ሰው አያየውም። በዚያ ዘመን ሥሪቶች ግሩፕ ከመፍጠር በፊት ዲስኩን በፒቪክሪኤት ለአባልነት ማዘጋጀት፣ ቀጥሎም በመሣሪያዎች ማውጫ ሥር ለግሩፑ ስም መክፈትና በኤምኬኖድ ግሩፕ የሚባል ልዩ ፋይል መሥራት ግድ ነበር። ፋይሉ ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል። አንዱ ሁልጊዜ 64 ነው፤ ለዚህ ሥራ የቆመው የከርነል ክፍል መለያ ነው። ሌላው ግን የግሩፑ የግሉ ነው፤ በዚያ ማሽን ላይ ካሉት ግሩፖች የማንንም ቁጥር መድገም የለበትም። እንግዲህ ግሩፑ ገና የለም፤ በሩ ግን ቆሟል፣ ቁጥርም ተለጥፎበታል። መጀመሪያ ስማር ይህ ቅደም ተከተል ግራ ያጋባኝ ነበር። ኋላ ግን ትክክል ሆኖ ታየኝ። ቤት የሌለው በር የሚሠራ ሰው ሊመጣ ያለውን ነገር በእጁ ይነካዋል፤ ጣቶቹ ቁጥሩን ሲጽፉ አሳቡ ገና ያልተሠራው ነገር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የወጡት የኤችፒ-ዩኤክስ 11አይ ቅጽ 3 እትሞች ይህን ፋይል በራሳቸው ይሠራሉ። ምቹ ነው፤ መልሱልን አልልም። ሆኖም ያች ትንሽ መዘግየት መሥራቹን ታስበው ነበር።

ቪጂክሪኤት ሲጠናቀቅ በእያንዳንዱ አባል ላይ አንድ መለያ ይታተማል። መለያው ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፦ ግሩፑ ከተፈጠረበት ማሽን መታወቂያና ከተፈጠረበት ጊዜ። የትውልድ ቦታና የትውልድ ሰዓት ማለት ነው። ዲስኮቹን በቪጂኤክስፖርት ከአንድ ሰርቨር አስወጥቶ ሌላ ሰርቨር ላይ በቪጂኢምፖርት ማስገባት ይቻላል፤ ስማቸው ይለወጥ ይሆናል፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥርም ሌላ ይሆናል። መለያው ግን ያው ነው። ተፈትቶ ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጠ ማሽን መታወቂያ አሥር ዓመት ቆይቶ ሌላ ከተማ ባለ ዲስክ ራስጌ ላይ አይቻለሁ። ዲስኮቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በዚያ ነው፤ የሞተውን ማሽን የሚያስታውሰው ሌላ ማንም አልነበረም።

መዝገቡ በሁሉም እጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። መዝገቦቹ ባይስማሙስ? አንዱ ዲስክ ሦስት ቀን ተነቅሎ ቆይቶ ቢመለስ የሚናገረው ከሦስት ቀን በፊት የነበረውን እውነት ነው፤ አይዋሽም፣ ግን ተሳስቷል። ለዚህ የተሰጠው መልስ እኛ ከስብሰባ አዳራሽ የምናውቀው ነው፦ ምልዓተ ጉባኤ። ግሩፑ ሥራ እንዲጀምር ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው። ግማሽ አይበቃም፤ ከግማሽ በላይ። ከግማሽ በላይ የሆኑ ሁለት ወገኖች በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ስለማይችሉ ሁለት እውነት አይቆምም። ቀላልና ጽኑ ነገር ነው።

ጭካኔው የሚወጣው ግሩፑ ሁለት ዲስክ ብቻ ሲኖረው ነው። የሁለት ከግማሽ በላይ ሁለት ነው። አንዱ ዲስክ ሞቶ ሰርቨሩ ቢነሣ፣ የቀረው ጤነኛ ቢሆንም፣ ሙሉ መዝገቡን ቢይዝም፣ የሟቹ ትክክለኛ ግልባጭ ቢሆንም ግሩፑ በራሱ አይከፈትም። ብቻውን የቀረ ዲስክ ራሱን ከተረፈው ወገን ነኝ ወይስ ከተቆረጠው ብሎ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም፤ ከውስጥ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ሥርዓቱ ሰው ይጠራል። ምልዓተ ጉባኤው ባይሟላም ክፈት የሚል ትእዛዝ አለ፤ የሚሰጠው ግን ሰው ነው፣ ተሳስቶ ቢሆን የሚጠየቀውም እሱ። ኤአይኤክስ በሁለት ዲስክ ግሩፕ ላይ ለአንደኛው ሁለት የመዝገብ ግልባጭ፣ ለሁለተኛው አንድ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ሲሞት ሥራው ይቀጥላል፤ አንደኛው ሲሞት ይቆማል። ብልሃት ነው፤ እኔ ግን የኤችፒ-ዩኤክስን እኩልነት እመርጣለሁ። የማያውቀውን አላውቅም ብሎ የሚቆም ሥርዓት ሌሊት ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሰኝም አከብረዋለሁ።

ወደ 27ቱ ጊጋባይት ልመለስ። መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ አሮጌዎቹን ማሰናበት ነበር። ፒቪሙቭ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሥራ ሳይቋረጥ፣ ተጠቃሚው ሳይሰማ፣ ከአንድ ዲስክ ላይ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ በሰንጠረዡም ላይ አድራሻቸውን ያድሳል። ባዶ የቀረው ዲስክ ከግሩፑ ይወጣል። እንዲህ እያልኩ የ9 ጊጋባይቶቹን ሁሉ ባወጣቸው፣ የሚቀሩት ባለ 36ቶቹ ብቻ ቢሆኑ፣ ልኩ አብሮ ያድጋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አያድግም። ልኩ የተጻፈው በመሥራቾቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ነው፤ አዲሱ አባል ሲገባ መዝገቡን ከነልኩ ተቀብሏል። መሥራቾቹ አንድ ሳይቀር ሄደው እንኳ ባለ 36ቶቹ እርስ በርሳቸው በ9 ይለካካሉ። ከመካከላቸው ያን ቁመት ያለው አንድም የለም፤ ለምን በዚያ እንደሚለኩ የሚነግራቸውም የለም።

ይህን የተረዳሁበትን ሰዓት አስታውሳለሁ፤ መስኮቱ እየነጋ ነበር። ስንት ቤት፣ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ማኅበር በዚህ ዓይነት ልክ ይኖራል እያልኩ ተቀመጥኩ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ያወጡበት ምክንያትም ቅን ነበር፦ ሁሉም አባል የሁሉን ታሪክ ይያዝ ብለው ነው። ሆኖም ማስታወስን የፈለገ ማኅበር ለማስታወሻው ቦታ መከለል አለበት፤ ቦታ የሚከልል ደግሞ ያላየውን ሰው ቁመት መገመት አለበት። ወሰን የሌለው መዝገብ የሚይዝ አባል የለም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ቪጂሞዲፋይ የሚባል ትእዛዝ መጥቶ የነባር ግሩፖችን ልክ ማስተካከል ይችላል፤ እሱም ቢሆን በዲስኩ ራስጌ ላይ ያለው ክፍት ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው ሁለተኛው የአሠራር ትውልድ ስለ ዲስክ ብዛትና ስለ ቁራጭ ብዛት መጠየቁን ተወ። ግን መሥራቹን ሌላ ነገር ይጠይቀዋል፦ ይህ ግሩፕ ቢበዛ ምን ያህል ይሆናል? ሊኑክስም ይህን አሠራር ከዚሁ ቤት ነው የወረሰው፤ ሃይንዝ ማውልስሃገን እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያውን ሲጽፍ የኤችፒ-ዩኤክስን ንድፍ ነበር የተከተለው። የኋለኛው የሊኑክስ ሥሪት መዝገቡን ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ በጣም ሰፊም ነው። ሆኖም እሱም ዲስኩ ራስጌ ላይ ልኩ የታወቀ ክልል ይይዛል። ጥያቄው ቦታውን ይለዋውጣል እንጂ አይጠፋም።

ኤችፒ-ዩኤክስ ራሱ ዕድሜው አልቋል። ይሠራበት የነበረውን ኢታኒየም ኢንቴል መላክ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ የ11አይ ቅጽ 3 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ተዘግቷል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። እነዚያን ትእዛዛት በጣቱ የሚያውቅ ሰው እየቀነሰ ይሄዳል።

እኔ ያን ጊዜ ያደረግሁት ብቸኛውን የቀረ ነገር ነው። በተከታዩ እሑድ ሥራ አስቆምኩ፤ መረጃውን ሁሉ ወደ ቴፕ ገለበጥኩ፤ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ቴፖች፤ መልሼም አንብቤ አረጋገጥኩ። ከዚያ አሮጌውን ግሩፕ አፈረስኩ። በሩን እንደገና አቆምኩ፣ ቁጥር ሰጠሁት። ቪጂክሪኤት ጋ ስደርስ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ዝም ያለበት ቦታ ላይ እኔ ዝም አልልም ብዬ ነበርና የሚቻለውን ትልቁን ሁሉ ጻፍኩ፦ 255 ዲስክ፣ በአንድ ዲስክ 65,535 ቁራጭ። ማንም እንዳይጎድልበት። ማሽኑ እምቢ አለኝ። መዝገቡ በአንድ ቁራጭ ልክ ውስጥ አይገባም፤ ወይ ቁራጩን አሳድግ፣ ወይ የዲስኩን ብዛት ቀንስ አለኝ።

ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተደግፌ ብዙ አሰብኩ። ቁራጩን ካሳደግሁ ትንሹ ቮልዩም እንኳ በትልቁ መስፈሪያ ሊሰፈር ነው፤ ቁራጩ 32 ሜጋባይት ሲሆን 40 ሜጋባይት የሚበቃው 64 ይይዛል። ላልመጡት ሰፊ ቦታ ለመያዝ ያሉት በሻካራ መስፈሪያ መኖር አለባቸው ማለት ነው። በመጨረሻ ቁራጩን 32 ሜጋባይት፣ ዲስኩን 32፣ በአንድ ዲስክ ያለውን ቁራጭ 10,000 አደረግሁት። እስከ 312 ጊጋባይት ያለ ዲስክ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ይገባል። በእጄ ያሉት ሁለት ዲስኮች እያንዳንዳቸው 36 ጊጋባይት ብቻ ነበሩ። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ቀኑንና ለምን እንደመረጥኳቸው በማሽን ክፍሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ ማን እንደሚያነበው አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ቪጂዲስፕሌይ ብዬ ግሩፑን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ያሉት ዲስኮች 2። የሚፈቀዱት 32። በሁለቱም ራስጌ ላይ ለሠላሳ ላልተገዙ ዲስኮች የተሠመረ፣ ምንም ያልተጻፈበት ረድፍ ነበር። ቴፑን ማስገቢያው ውስጥ ጨምሬ መረጃውን መመለስ ጀመርኩ።